ድጓና ምልክቱ

በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም ለዜማ ምልክት እንደ ሠሩለት ሊቃውንት ይናገራሉ። በግራኝ አሕመድ ጦርነት መጻሕፍት ተቃጥለው መምህራንም አልቀው ነበርና፣ ዜማው ጨርሶ እንዳይጠፋ ያሰጋ ነበር።

በዚያው ዘመን በሮም ከተማ ጳሌስትሪና ልዩ ልዩ ድምፆች ተስማምተው በአንድነት የሚዘመሩበትን ዜማ ይደርስ ነበር። የእርሱ ጽሕፈት የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በመስመር ላይ ስለሚያሳይ፣ የዛሬ ተመራማሪ ድርሰቱ እንዴት እንደ ተዋቀረ ከወረቀቱ ይረዳል። የእነጌራ ምልክት ግን ሌላ ነው። መሪጌቶች ይህን ያውቁታል፤ ለከተሜው ግን መግለጽ ይገባል። ይዘት፣ ድፋትና ጭረት የድምፁን አካሄድ ያመለክታሉ፤ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉት ፊደላት ግን አስቀድሞ በቃል ከተያዘ ዜማ የተወሰዱ ናቸው። ተማሪው ፊደሉን ሲያይ ያን ዜማ አስታውሶ በሌላው ቃል ላይ ያውለዋል። እንግዲህ ከመምህር ያልሰማ ሰው ፊደሉን ቢያነብ እንኳ ድምፁን አያገኝም።

ስለዚህ ከደብረ ታቦር ወዲያ በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ ለክብር ብቻ አይደለም። በሌላ ጉባኤ የተማረው ደቀ መዝሙር ወደዚያ ወርዶ በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ በብራናው ላይ የተሳሳተው ምልክትም የሚታረመው መምህሩ ሲሰማ ነው።