ተነስቶ የሚሄድ ቤት

ተረት ተረት አልላችሁም፤ የማወራው እውነት ነውና። ከአርባ ምንጭ ተነሱና የጨንቻን ዳገት ያዙ። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከኋላ እየራቁ፣ ሙቀቱ ለጉም ቦታ እየለቀቀ ዶርዜ ትደርሳላችሁ። እዚያ ከእንሰቱ መሀል ብቅ ብቅ የሚሉት ቤቶች ዝሆን ዝሆን ይላሉ፤ ከበሩ በላይ ወጣ ያለው ኩምቢው ነው ይሏችኋል።

ዶርዜ ሸማኔ ነው፤ የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ይመስክር። ቤቱንም የሚሠራው በዚያው እጁ ነው፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከመሬት ጀምሮ እየጎነጎነ ጫፍ ያደርሰዋል። የመሀል ምሰሶ የለ፣ ሚስማር የለ። አዲሱ ቤት እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ከዚያ ምስጥ ይመጣል። ምስጥ ከሥር ሲበላ ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፤ ቤቱ ያጥራል፣ ኑሮው ይቀጥላል። አባት ቀና ብሎ ያለፈበትን በር ልጅ ጎንበስ ብሎ ያልፈዋል። ቦታው ካልተመቸ ደግሞ ጎረቤት ይጠራና ቤቱ ከነክዳኑ በሰው ጉልበት ተነስቶ ይሄዳል!

ተነስቶ የሚሄድ ቤት ሌላም ቦታ አለና፣ አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር። አርክቴክቱ ሺገሩ ባን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ቶኪዮ ተወለደ፣ ኒውዮርክ ተማረ፣ በኬዮ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ። ይህ ሰው ጨርቅ የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ ምሰሶ አደረገው። በ1994 የሩዋንዳ ስደተኞች ለመጠለያ የታደላቸውን የአሉሚኒየም ዘንግ ሸጠው ዛፍ ሲቆርጡ፣ ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን «በወረቀት ቱቦ እንሞክረው» ያለ እሱ ነው። ሸጡ ብሎ የሚፈርድባቸው ይኖራል፤ እኔ አልፈርድም፤ የተራበ ሰው የሚሸጠውን ያውቃል።

በ1995 የመሬት መንቀጥቀጥ ኮቤን አፈረሰ። የታካቶሪ ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸው ተቃጥሎ ሜዳ ላይ ቀሩ። ባን ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በ58 የወረቀት ቱቦዎች አዲስ አቆመላቸው። ለጊዜው ነበር የታሰበው፤ ዐሥር ዓመት ቆመ። ከዚያ ተፈታ፣ ባሕር ተሻገረ፣ እሷም በ1999 መንቀጥቀጥ የተመታችው ታይዋን በ2008 መልሳ ተከለችው።

ለባን በ2014 የፕሪትዝከር የሥነ ሕንፃ ሽልማት ተሰጠው፤ ይገባዋል። የዶርዜን ቤት መጀመሪያ የጎነጎነውን ሰው ስም ግን የጻፈ የለም። ዛሬ ከቀርከሃው ጎን የቆርቆሮ ቤትም ቆሟል። ምስጥ አይደፍረውምና ባለቤቱን አልወቅስም። ብቻ ቦታው አልመች ያለው ቀን ጎረቤቱን ጠርቶ «ያዝ፣ እናንሳው!» ማለት አይችልም።