ግፊትን የማያውቅ ሰዓት

ስለ ሞተር ሳይክል የምጽፍበት ቀን ይመጣል ያለኝ ቢኖር ስቄ ባለፍኩት ነበር። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በልቦለድና በግጥም ነው። ካንዴላ የሚባለውን ነገር የማውቀው ታክሲ መንገድ ላይ ቀጥ ሲል ሾፌሩ ወርዶ፣ ነቅሎ፣ በጨርቅ ሲጠርገው አይቼ ነው። ታዲያ ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ አሜሪካ ተሻግሬ ሳለሁ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብቼ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ጋራዡ የአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስለ እሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያን ቀን ሲሠራው የነበረው፣ የአንድ ደንበኛውን እ.ኤ.አ. የ1978 ካዋሳኪ ነው። ዜድ ዋን አር ቲሲ ይሉታል። ካዋሳኪ ራሱ ያመረተውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል፣ ቱርቦ ሳይክል ኮርፖሬሽን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ቱርቦ ገጥሞለት በካዋሳኪ ነጋዴዎች በኩል የተሸጠ ነው። የሚገርመው ነገር ገዢው ዋስትና አልነበረውም። ሞተሩ ቢፈነዳበት ማንንም እንደማይከስ ፈርሞ ነበር የሚረከበው። «ቲቸር፣ ይኼ ሰውዬ አዲስ ንብረት ሲገዛ ኑዛዜ የፈረመ ነው የሚመስለው» አለኝ ተማሪዬ፤ በሳቅ ፈነዳን።

ለምን እንደዚያ ተፈራ? ነገሩ ሁሉ የብልጭታ ሰዓት ጉዳይ ነው።

ሞተር ማለት ቤንዚንና አየር አፍኖ ማንደድ ነው። ፒስተኑ ድብልቁን እየጨመቀ ወደ ላይ ይወጣል፤ ካንዴላው ብልጭ ይላል፤ እሳቱ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። እኔ እንኳ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያኔ ከመጣ ዘግይቷል። እሳት ለመዛመት ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 36 ዲግሪ ቀድሞ ቢመጣ፣ 36 ዲግሪ የሙሉ ዙር አንድ አሥረኛ ነውና፣ ቀደመ የተባለው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ብቻ ነው። እሳቱ ተቀጣጥሎ የሚጠናከረው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው። ዓይን ለመጨፈን እንኳ አትበቃም።

የጥንት ነጂዎች ይህን ሰዓት በእጃቸው ነበር የሚያስተካክሉት። ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1902 ከፍተኛ ኃይል የሚያመነጨውን ማግኔቶ ካወጣ ወዲያ ብልጭታ አስተማማኝ ሆነ፤ ሰዓቱ ግን ለረጅም ጊዜ በሰው እጅ ቆየ። በብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች መሪ ላይ አንዲት ትንሽ ማንሻ ነበረች። ሲያስነሱ ብልጭታውን ያዘገዩታል፤ መንገድ ሲይዙ ያስቀድሙታል። ረስቶ ቀድሞ እንደተወ የሚረግጣት ሰው፣ ሞተሯ ወደ ኋላ ትመታውና ቁርጭምጭሚቱን ታናጋበታለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ኋላ ላይ ሥራውን ከሰው እጅ የተረከቡት በስፕሪንግ የተያዙ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች ናቸው። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና ብልጭታውን ያስቀድማሉ። ቀላልና ብልህ ፈጠራ ነው። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ ክብደቶቹ ፍጥነትን እንጂ ግፊትን አያውቁም።

ቱርቦ ደግሞ ጉዳዩ ግፊት ነው። ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት አስመዝግቦታል። በጭስ ማውጫው የሚባክነው ትኩስ ጭስ አንዲት ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለችው ሌላዋ ማራገቢያ አየር ጨምቃ ወደ ሲሊንደሩ ትሰዳለች። ትንሹ ሞተር የትልቁን ጉልበት ያገኛል። ነገር ግን የታመቀው ድብልቅ ይሞቃል፤ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። በተለመደው ሰዓት ብልጭ ከተደረገበት፣ እሳቱ ገና እየተዛመተ ሳለ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት ራሱ ይፈነዳል። ቆርቆሮ በመዶሻ የሚመታ ይመስላል ድምፁ። ይህ ከቀጠለ የፒስተን አናት ይበሳል። ስለዚህ ግፊት ሲበዛ ብልጭታው ወደ ኋላ ማለት አለበት። ያለልክ ከዘገየ ደግሞ እሳቱ ፒስተኑን ሳይገፋ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ቫልቩን ያግላል፤ ጉልበትም የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ዓለም ለዚህ የቆርቆሮ ድምፅ የሰጠው መልስ ሁልጊዜ መታገሥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1921 የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪው ቶማስ ሚድግሊ ቤንዚን ውስጥ የእርሳስ ውሁድ ጠብ ቢደረግ ድምፁ እንደሚጠፋ አገኘ። አልኮል ቢቀላቀልም እንደሚረዳ ይታወቅ ነበር፤ የተመረጠው ግን እርሳሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኝ ማጣሪያ ይህንኑ ሲያዘጋጁ የነበሩ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ተናውጦ ሞቱ። ነገሩ ግን አልቆመም። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ባለ እርሳስ የመኪና ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ፣ ሞተር እንዳያንኳኳ ተብሎ የሕፃናት አእምሮ ተመረዘ። ግፊትን ለመቀነስ ያልፈለገ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ልብ ይሏል።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ተማሪዬ በሞተሩ ጎን ያለችውን ክብ ክዳን ከፈተና ሁለት ጥንድ ፑንቲና አሳየኝ፤ አንዱ ለአንደኛውና ለአራተኛው ሲሊንደር፣ ሌላው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው። ፑንቲናው በስንት እንደሚከፈት በስስ የብረት ቅጠል ለካ። ከዚያ አንድ መብራት ከካንዴላው ገመድ ጋር አያይዞ ሞተሩን አስነሳ። መብራቱ ብልጭታ በመጣ ቁጥር ብቻ ስለሚበራ፣ በፍጥነት የሚሽከረከረው ምልክት ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ሳይቆም የቆመ! ግጥም የማስተምር ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል።

ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ከፍ አደረገና ምልክቷ የት እንደደረሰች አየ። «አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ቆሞ ሲንተከተክ ሁሉም ደህና ነው» አለኝ። ሞተሩን አጠፋ፤ ክብደቶቹ የሚከፈቱበትን ስፋት ጠበብ አደረገ፤ ብሎን አላልቶ ሰሌዳውን የፀጉር ያህል አንቀሳቀሰ፤ እንደገና አስነሳ። ይህንን አራት ጊዜ ደጋገመው። ነድቶት ሲመለስም ካንዴላውን ነቅሎ በማጉያ መነጽር መረመረው። ነጩ ሸክላ ላይ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ከታየ፣ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል ማለት ነው አለኝ።

ፋብሪካዎቹ መፍትሔውን ብዙም አልዘገዩበትም። እ.ኤ.አ. በ1982 ሆንዳ ሲኤክስ 500 ቱርቦን በኮምፒዩተር በሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ አወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የያማሃ ኤክስጄ 650 ቱርቦ ደግሞ ማንኳኳቱን የሚያዳምጥ ጆሮ ተተክሎለት ነበር፤ ድምፁን ሲሰማ ብልጭታውን ራሱ ያዘገያል። ሱዙኪ በ1983፣ ካዋሳኪም በ750ው ተከተሉ። ይሁንና ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ሁሉም ከገበያ ወጡ። ከባድና ውድ ነበሩ፤ ነዳጅ ሰጥተው ጉልበቱ እስኪመጣ መጠበቅም ነበረ። ካዋሳኪ 112 የፈረስ ጉልበት አለው ያለውን 750 ቱርቦ እየሸጠ ሳለ፣ በ1984 ያለ ምንም ቱርቦ ያንኑ ያህል የሚገፋ ባለ 908 ሲሲ ሞተር ሳይክል ከዚያው ቤት ወጣ። ቱርቦዎቹ የብልጭታቸውን ሰዓት አስተካከሉ፤ የራሳቸው ሰዓት ግን አልፎ ነበር። የታመቀ አየር ወደ ካዋሳኪ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በኤች 2 ነው፤ ያውም ከጭሱ ሳይሆን ከራሱ ከሞተሩ በሚዞር ማራገቢያ።

አሁን ስለ ተማሪዬ። ሁለተኛ ዓመት ሳለ ለሦስተኛ ጊዜ ጽሑፉን አዘግይቶ መጣ። እኔም በክፍሉ ሁሉ ፊት «ሥነ ጽሑፍ ያንተ ነገር አይደለም፤ ሂድና የእጅ ሥራ ፈልግ» አልኩት። በቀጣዩ ሳምንት አልመጣም። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ጥፋተኛ ነኝ ብዬም አላሰብኩም፤ ሰነፍ አንድ ቀነስኩ ነው ያልኩት።

ያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ፣ እጁን በጋዝ እየታጠበ እንደ ዋዛ ነገረኝ። በዚያ ሴሚስተር አባቱ ሞተው፣ ሁለት ታናናሾቹን ለማብላት ሌሊት ሌሊት ከአንድ መካኒክ ዘንድ ይሠራ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቲቸር፣ መቼ ጠየቁኝ?»

ፍጥነቱን አይ ነበር፤ ማን ቀደመ፣ ማን ዘገየ እያልኩ። ግፊቱን ግን አላውቅም ነበር። እንደ እነዚያ ሁለት ክብደቶች ነበርኩ ማለት ነው፤ ያውም በደመወዝ። ስንቱ መምህር፣ ስንቱ አለቃ፣ ስንቱ ወላጅ እንደዚያው እንደሚሠራ ሳስበው ይጨንቀኛል። በአገራችን ግፊት የሌለበት ሰው የለም፤ እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ሰዓት እንለኩሳለን። ሲፈነዳም ሰውየውን እንወቅሳለን።

ይቅርታ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ እጁን በጨርቅ አድርቆ ቡና ሊያፈላ ተነሣ። አልቆጣም፤ «ምንም አይደል» ብሎም አላቃለለልኝም። የዘገየ ብልጭታም ይነዳል፤ ጉልበቱ ግን ወዴት እንደሚሄድ ያን ቀን ተምሬያለሁ።