ተመልካቹን ስለ መመልከት

በዩቲዩብ ከሚታዩት ነገሮች መካከል ለሽማግሌዎች እንቆቅልሽ ሆኖ የሚቀረው ወጣቶች «ሪአክሽን» የሚሉት ነው። አንድ ሰው በካሜራ ፊት ተቀምጦ ከዚህ በፊት ያልሰማውን ዘፈን ይሰማል፥ ወይም ያላየውን ፊልም ያያል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ዘፈኑ በማዕዘን በኩል በትንሹ ሲታይ የሰሚው ፊት ግን ሰፍቶ ይታያል። ይህንንም ከሚመለከቱት ብዙዎቹ ዘፈኑን አስቀድመው የሚያውቁት፥ ግጥሙንም በቃላቸው የያዙት ናቸው። እንግዲህ ዘፈኑን ትተው የሰሚውን ፊት የሚያዩት ስለ ምንድር ነው? የሥራ ፈቶች ነገር ነው ብለው የሚያልፉት አሉ፤ ታሪኩን የመረመረ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም።

ለዚህ ጥያቄ የተሻለውን መልስ የሰጠው ሰው ካሜራ ከመፈልሰፉ በፊት የነበረ ነው። ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ ስለ ሕዝቦች ሀብት በጻፈው መጽሐፍ በዓለም ሁሉ ታውቋል፤ ነገር ግን ከዚያ 17 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1759 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ስለ ሰው ልብ ስሜት ሌላ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚያ መጽሐፍ መጀመሪያ አካባቢ እንደሚያስረዳው፥ ሰው አንድን መጽሐፍ ደጋግሞ ከማንበቡ የተነሣ ብቻውን ሲያነበው ደስ መሰኘቱ ሊቀርበት ይችላል፤ ለባልንጀራው ሲያነብለት ግን ደስታው ይመለሳል። ለባልንጀራው ነገሩ ሁሉ አዲስ ነውና፥ አንባቢው በእርሱ መደነቅ ይደነቃል፤ ራሱ ሊያየው የማይችለውን ነገር በእርሱ ዓይን ያየዋል። ባልንጀራው ደስ የተሰኘ ካልመሰለ ደግሞ አንባቢው ይከፋዋል፥ ንባቡንም መቀጠል ያስጠላዋል። ስሚዝ ይህን ሲጽፍ የሰው ልብ ከሌላው ልብ ጋራ መስማማትን እንዴት እንደሚፈልግ ለማስረዳት ነበር፤ ከ250 ዓመት በኋላ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች በስልካቸው ላይ የሚያደርጉትን እየጻፈ እንደ ነበረ ግን ሊያውቅ አይችልም።

ከዚህ መጽሐፍ 9 ዓመት በኋላ፥ በ1768 ዓ.ም.፥ የእንግሊዝ አገር የደርቢ ከተማ ሰው የሆነው ሠዓሊ ጆሴፍ ራይት ይህንኑ ነገር በቀለም አሳየ። በሥዕሉ ላይ አንድ የፍልስፍና መምህር ወፍ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አግብቶ አየሩን እየመጠጠ ያወጣል፤ ወፊቱ ልትሞት ደርሳለች። ነገር ግን ብርሃኑ ከሁሉ ይልቅ የሚያርፈው በዙሪያው በቆሙትና በተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ ነው። ታላቂቱ ልጅ ዓይኗን በእጇ ሸፍናለች፤ ታናሺቱ ቀና ብላ ታያለች፤ አንድ ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ያስባል፤ ሁለት ፍቅረኞች ደግሞ ወፊቱን ረስተው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ይህ ሥዕል ዛሬ በለንደን በብሔራዊው የሥዕል ቤት አለ፤ በፊቱ የሚቆም ሰውም ከወፊቱ ይልቅ እነዚያን ፊቶች እያንዳንዳቸውን ሲመረምር ይቈያል።

የሌላው ፊትና ድምፅ ተመልካችን የሚስብ መሆኑን ገዥዎችና ነጋዴዎች ያወቁት ግን ከፈላስፋውና ከሠዓሊው ብዙ ዘመን ቀድመው ነው። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶንዮስ እንደሚነግረን፥ ኔሮን ቄሣር በአደባባይ ሲዘፍን የሚያጨበጭቡለት ከ5,000 የሚበልጡ ብርቱ ጐልማሶችን አሰልፎ ነበር። እነዚህም ከእስክንድርያ የመጣውን የጭብጨባ ዓይነት እየተከፋፈሉ ተማሩ፤ አንዱ ዓይነት በንብ ድምፅ፥ ሁለተኛው በጣራ ክዳን፥ ሦስተኛው በጡብ ስም ይጠራ ነበር። አለቆቻቸው እያንዳንዳቸው 400,000 ሴስቴርስ የሚባል የሮማ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር።

በፓሪስ ከተማ ይህ ሥራ በ1820 ዓ.ም. ቢሮ ተከፈተለት። ሶቶንና ፖርሼ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ለቲያትር ቤቶች አጨብጫቢ የሚያቀርብ ድርጅት አቋቋሙ። ከተቀጣሪዎቹም ዋዛ በተነገረ ጊዜ የሚስቁ፥ ኀዘን በታየ ጊዜ መሐረብ አውጥተው የሚያለቅሱ ሴቶች፥ «ይደገም» እያሉ የሚጮኹም ነበሩ። በ1830ዎቹ በኦፔራው ቤት የአጨብጫቢዎች አለቃ የነበረው ኦጉስት ልቫሰር ልምምዱን አስቀድሞ እያየ ሰዎቹን የት የት እንደሚያስቀምጥና በየትኛው ቦታ እንደሚያስጨበጭብ ያቅድ ነበር። አልቃሽ በለቅሶ ቤት የምትሠራውን የሚያውቅ የአገራችን ሰው በዚህ ብዙ አይገረምም። ሆኖም አልቃሽ ኀዘንተኛው በልቡ ያለውን እንባ እንዲያወጣ ትረዳዋለች፤ ሙቱ የእርሱ ነውና። የፓሪሷ አልቃሽ ግን ባለቤት ለሌለው ኀዘን ገበያ ታወጣ ነበር።

ቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ አጨብጫቢው ሰውነቱን አጥቶ ድምፁ ብቻ ቀረ። በአሜሪካ በ1950 ዓ.ም. በባዶ ቦታ የተሠራ ጨዋታ ላይ የተቀዳ ሳቅ ተጨመረ፤ ከዚያም ቻርልስ ዳግላስ የሚባል መሐንዲስ እንደ ጽሕፈት መኪና በሚመታ ቁልፍ ልዩ ልዩ ሳቅ የሚያወጣ ሣጥን ሠራ። ሣጥኑንም እየቈለፈ ምስጢሩን ይጠብቅ ነበር። እነሆ ሳቂዎቹ የማይታዩ ሆኑ፤ ሰው ግን ድምፁን እየሰማ ይስቅ ነበር።

ፊቱ ተመልሶ የመጣው በጃፓን ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በዚያ አገር ቴሌቪዥን ከ1980ዎቹ ወዲህ የእንግዶች ፊት በትንሽ ሳጥን በማዕዘን እየታየ ተመልካች ዝግጅቱንና ፊታቸውን አብሮ ያያል። በእንግሊዝ አገርም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤታቸው ቴሌቪዥን የሚያዩ ቤተ ሰቦችን የሚያሳይ ዝግጅት ብዙ ወዳጅ አገኘ። በዩቲዩብ ደግሞ ቤኒና ራፊ ፋይን የሚባሉ ወንድማማቾች በ2010 ዓ.ም. ሕፃናት ቪዲዮ ሲያዩ ማሳየት ጀመሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን «ሪአክት» የሚለውን ቃል በንግድ ምልክት ሊያስመዘግቡት በፈለጉ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ተቈጥቶ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ተከታይ ስለ ተዋቸው በጥቂት ቀን ውስጥ አሳባቸውን ሰረዙ። መደነቅን የግል ርስት ለማድረግ መፈለግ ከድፍረትም የሚያልፍ ነው።

ስሚዝ የጻፈው ነገር ፍጹም ሆኖ የታየው በ2020 ዓ.ም. በበጋው ወራት ነው። ከኢንዲያና ግዛት ጌሪ ከምትባል ከተማ የሆኑ ሁለት መንትያ ጐልማሶች እንግሊዛዊው ፊል ኮሊንስ በ1981 ዓ.ም. ያወጣውን ዘፈን ተቀምጠው ሰሙ። ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ በላይ በዝግታ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ከበሮው ባልታሰበ ጊዜ ይወርዳል። ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ከበሮው መቼ እንደሚመጣ ያውቃልና፥ ልጆቹ ሳያውቁ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲሰሙ እርሱ በጉጉት ይጠብቃል። ከበሮው በወረደ ጊዜ ሁለቱም ደነገጡ፤ በዘፈን መካከል፥ ያን ያህል ዘግይቶ፥ እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ መቻሉ አስገረማቸው። ቪዲዮው በሚሊዮን ተመለከተ፤ የዚያ የ39 ዓመት ዘፈን ሽያጭም እንደ ገና ከፍ አለ። ዘፈኑን በወጣትነታቸው የሰሙት ያን ጊዜ ሽማግሌ ሊሆኑ ቀርበው ነበር። ያም ዓመት ወረርሽኝ ሰውን በየቤቱ የዘጋበት ስለ ነበረ፥ ስሚዝ የሚለው ባልንጀራ ከብዙዎች አጠገብ አልነበረም፤ መንትዮቹ በስፍራው የተቀመጡለት ይመስላል።

የአማርኛ ዘፈን ሲሰሙ የሚታዩ የውጭ አገር ሰዎችም አሉ፤ ከቪዲዮዎቻቸው በታች አስተያየት ከሚጽፉት ብዙዎቹ በአገር ቤትና በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በዚህ ቦታ ነገሩ ከስሚዝ ምሳሌ ትንሽ ይለያል። ቋንቋው ከአገሩ ውጭ በማይታወቅበት ስፍራ የሚኖር ሰው፥ የልጅነት ዜማው ለባዕድ ጆሮም ጣዕም እንዳለው ምስክር ይሻል፤ ቃሉን የማይሰማው ሰው በዜማው ብቻ ሲነካ ማየት ለስደተኛ ቀላል ነገር አይደለም። ሰሚዎቹም ይህን ያውቃሉ። ማመስገን ብዙ ተመልካች እንደሚያመጣ፥ ተመልካችም ገንዘብ እንደሚያመጣ የተረዳ ሰው ዓይኑን ማርጠብ ይማራል፤ ልቫሰርም ለዚህ ይከፍል ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ ቪዲዮውን ይመልስና ዜማው ከሚታጠፍበት ቦታ ያደርሰዋል፤ የሰሚው ቅንድብ የተነሣው ዜማው ከታጠፈ በኋላ ነው ወይስ ሳይታጠፍ እያለ ዐረጋግጦ ለማየት ዳግመኛ ያቆመዋል።