የስፖንጅ ቀለበት፦ የቆዩ የቤት ስፒከሮች ጥገና ታሪክ

ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው ስፒከር መሠረታዊ ቅርፁን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል ከሾጣጣ ወረቀት ጋር አያይዘው አቀረቡ። ሐሳቡ ከእነሱም በፊት ነበር። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ በ1898 በሚንቀሳቀስ ጥቅል ላይ የፈጠራ መብት አውጥቷል፤ ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃምም በካሊፎርኒያዋ ናፓ ማግናቮክስ ያሉትን መሣሪያ ሠርተው በ1915 ለሕዝብ አሰምተዋል። የማግናቮክስ ድምፅ ግን የሚወጣው በጥሩንባ በኩል ነበር። ራይስና ኬሎግ ጥሩንባውን አስቀርተው ድምፁን በቀጥታ ከወረቀቱ አወጡት።

አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጥቅሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወረቀቱም አብሮት እየተንቀሳቀሰ አየሩን ያርገበግባል። ወረቀቱ ታዲያ በዳሩ ከብረት ክፈፉ ጋር መያያዝ አለበት፤ እንደ ልብ መንቀሳቀስም አለበት። እነዚህን ሁለት የሚጋጩ ሥራዎች የተሸከመው ዳሩን የከበበው ጠባብ ቀለበት ነው። የቆየ ስፒከር ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው ጥያቄ ታሪክም በአብዛኛው የዚህ ቀለበት ታሪክ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ቀለበቱ የሚሠራው ከስስ ቆዳ ወይም ከራሱ ከወረቀቱ ዳር፣ እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ ነበር። ወረቀቱ ቢቀደድ ባለሙያ አዲስ ወረቀትና ጥቅል በነባሩ ማግኔት ላይ ይገጥም ነበር። ነገሩን የለወጠው ኤድጋር ቪልቸር ነው። ቪልቸር ተማሪው ከነበረው ከሄንሪ ክሎስ ጋር በ1954 በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። እስከዚያ ድረስ ወፍራምና ጥልቅ ድምፅ የፈለገ ሰው ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር ቤቱ ማስገባት ነበረበት። ቪልቸር ሳጥኑን አሳንሶ አየር እንዳያስወጣ ዘጋው፤ ወረቀቱን ወደ ቦታው የሚመልሰውም በውስጡ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው የቤት ስፒከር የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ለዚህ አሠራር ግን ቀለበቱ በጣም ለስላሳ፣ አየርም የማያሳልፍ መሆን ነበረበት።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ አምራቾች ለዚህ የመረጡት ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ስፖንጅ ነበር። ቀላል፣ ርካሽና ለስላሳ ነው፤ ዳር ላይ የሚደርሰውን ንዝረትም ውጦ ያስቀራል። ጉድለቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። እርጥበትና በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የስፖንጁን ሰንሰለት ቀስ በቀስ ይበጣጥሱታል፤ የፀሐይ ብርሃን ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። ስፒከሩ ቢሠራም ባይሠራም፣ ከዐሥር እስከ ሃያ ዓመት ባለው ጊዜ ቀለበቱ ይበሰብሳል። በጣት ሲነካ እንደ እርጥብ ቡና አተላ እየተፈረፈረ ጥቁር ሆኖ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ወረቀቱ መሐሉን ይስታል፤ ጥቅሉ ማግኔቱን እየፋቀ ይንኮሻኮሻል፤ ባለቤቱም ስፒከሩ አበቃለት ብሎ ያወጣዋል። ከስፒከር ጉዳቶች ሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ማግኔቱ፣ ወረቀቱ፣ ጥቅሉና የእንጨት ሳጥኑ ደህና ሆነው ሳለ ሁሉም በአንድ ቀለበት ምክንያት ይጣላሉ። በዚያው ዘመን ጎማ የመረጡ አምራቾች ሥራቸው ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በቢቢሲ የተነደፈው ኤልኤስ 3/5ኤ ስፒከር ከኬኢኤፍ ኩባንያ በወሰደው ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ በሚያወጣው ክፍል) ላይ የኒዮፕሪን ጎማ ስለነበረው ዛሬም በነባር ቀለበቱ የሚሠራ ይገኛል።

ቀለበት የመቀየር ሥራ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ጠጋኙ አሮጌውን ስፖንጅና ሙጫ በአልኮል እያራሰ ከወረቀቱና ከብረቱ ላይ ይፍቃል። መሐል ላይ ያለችውን የአቧራ መከላከያ ቆብ በስለት ይከፍትና ጥቅሉንና ማግኔቱን በሚለየው ክፍተት ዙሪያውን ስስ የፕላስቲክ ቁራጮች ይሰካል። ከዚያ አዲሱን ቀለበት በሙጫ ይለጥፋል፤ ቁራጮቹ ሙጫው እስኪደርቅ ጥቅሉን ከመሐል አያስነቅሉትም። ሲወጡ ወረቀቱ በጣቶች ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ የመፋቅ ድምፅ ካልተሰማ ሥራው ሠምሯል።

ቀለበት መቀየር ትርጉም የሚያጣው ጥቅሉ ሲቃጠል ነው። 8 ኦም የተጻፈበት ጤነኛ ዉፈር በቴስተር ሲለካ 6 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። በ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ሲነካም ጤነኛው ወረቀት ይዘላል፤ የሞተው ዝም ይላል። የተቃጠለውን በሌላ መተካት ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961፣ ቀጥሎም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት ስፒከርና ሳጥኑ በቁጥር የሚገለጽ አንድ ሥርዓት ናቸው። ስለዚህ ስፋቱ እኩል ስለሆነ ብቻ የተገጠመ ዉፈር ሳጥኑን ሌላ ድምፅ ያሰጠዋል።

ተመሳሳይ ምትክ ማግኘትም የዘመን ጉዳይ ነው። በ1978 በዛየር ሻባ ክፍለ ሀገር በተነሣው ጦርነት የኮባልት ዋጋ ሲንር፣ ኮባልት ያለበትን የአልኒኮ ማግኔት ይጠቀሙ የነበሩ አምራቾች ወደ ፌራይት ዞሩ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ስፒከሮች በክብደትም በቅርፅም ተለወጡ። ያማሃም በዚያው 1978 ያወጣውን ነጭ ወረቀት ያለውን ኤንኤስ-10 በ2001 አቁሟል፤ ምክንያቱ የወረቀቱ ጥሬ ዕቃ መጥፋቱ ነበር።

ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በሚለየው ክሮስኦቨር ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮችም ከዓመታት ብዛት ይደርቃሉ። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ሲደበዝዝ ብዙዎች የሚጠረጥሩት ትዊተሩን ነው፤ ከእሱ በፊት መለካት ያለበት ግን ካፓሲተሩ ነው። ርካሽ ነው፤ በብየዳ ይለወጣል።

ከ1950ዎቹ መጨረሻ የስቴሪዮ ሸክላ ከወጣ ወዲህ ስፒከር ብቻውን አይኖርም። የዘፋኙ ድምፅ ከሁለቱ መሐል የሚሰማው ሁለቱ እኩል ሲናገሩ ነው። አንዱ ቀለበቱ ከበሰበሰ ሌላውም በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ስፖንጅ የተሠራ ነውና ሁለቱም አንድ ላይ ይታደሳሉ።