ሁለት ስም የነበራቸው አያቶች

ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ ልጁን ሊድር ሲነሳ ከጥሎሽ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት። እከሌ የእከሌ ልጅ እየተባለ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ሲደረስ ግን የገብረ ማርያም አባት አሊ፣ የአሊ አባት ደግሞ ይማም ሆኖ ይገኛል። በሙስሊሙም ቤት ተገላቢጦሹ ያጋጥማል። ቆጣሪው ሽማግሌ ሳይቆም ያልፈዋል፤ ሰሚውም አይጠይቅም።

ያ ዝምታ ለብዙ ቤተሰብ የሚጀምርበት ቦታና ዓመት አለው፦ ቦሩ ሜዳ፣ ግንቦት 1870 ዓ.ም.። ቦታው ከደሴ ብዙም አይርቅም። (ዛሬ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው።) ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤውን የጠሩት በኦርቶዶክስ ሊቃውንት መካከል የቆየውን የሃይማኖት ክርክር ለመቁረጥ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተዋል። ክርክሩ ለተዋሕዶ ተፈረደ፤ ቀጥሎ ተራው የሙስሊሙ ሆነ። ሹመቱን የሚፈልግ ይጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ተቀናቃኛቸው አመዴ ሊበን፣ አባ ዋጠው የሚባሉት፣ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ነበሩ።

ባላባቱ ስሙን ሲለውጥ ሹመቱ ተረፈለት። ገበሬውስ? ከፊሉ ተሰደደ። ከፊሉ እንደ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉትን ተከትሎ ተዋጋ። ከፊሉ ቀን ማተብ አስሮ ማታ ሰገደ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ግፊቱ ላላ፤ ብዙው ወደ እስልምናው ተመለሰ። ያልተመለሰም ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ እኮ ልጅ ይወለዳል፣ ትዳር ይያዛል፣ አበልጅ ይበጃል። ከአንድ እናት የወጡ ልጆች አንዱ በመስጊድ፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያን የቀሩት እንዲህ ነው።

በላይኛው ቤትም ቢሆን የድሮው ስም በቀላሉ አልለቀቀም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሰልመዋል የሚል ነበር። አባታቸው ከተጠመቁ ወደ 40 ዓመት እየተጠጋ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ወሎን ባሳየ ቁጥር «መቻቻል» ይላል። ቃሉ ይቀልላል። የሚቻቻሉ ባዕዳን ናቸው፤ እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዝምድናቸውም ሁልጊዜ በውድ የመጣ አይደለም። በሌላ በኩል በየማኅበራዊ ሚዲያው ቦሩ ሜዳን እየጠቀሰ «የእናንተ አባቶች፣ የእኛ አባቶች» የሚለው ተሟጋች፣ የራሱን ሰባት ቤት ቢቆጥር ሁለቱም ወገን ላይ ሊቆም ይችላል።

ሰርግ ቤት ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አይነሳም። ሁለት ሰንጋ ይጣላል፣ ወጡም በየድስቱ ይለያል። ለሙስሊሙ የሚታረደውን ለመባረክ ቢላዋ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከውጭ የተጠራ ሰው አይደለም፤ የሙሽራዋ አጎት ነው።