ባቡር የማይደርስበት ጣቢያ

ከአንድ ልብ ወለድ ጋር ሦስት ሌሊት ስታገል ሰነበትሁ። መጽሐፉ ስኮትላንዳዊው ደራሲ ኧርቪን ዌልሽ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ያሳተመው «ትሬይንስፖቲንግ» ነው። ታገልሁ ማለቴ በመጀመሪያ ከቋንቋው ጋር ነው፤ አብዛኞቹ ገጸ ባሕርያት በኤዲንብራ የወደብ ሰፈር በሊዝ እንደሚነገረው እንጂ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አይናገሩምና፣ ብዙውን ዐረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ካላነበብሁት አልገባኝ ይላል። በኋላ ግን ትግሉ ከገዛ ሣቄ ጋር ሆነ።

ዋነኛው ተራኪ ሬንተን ሄሮይን ለመተው ቆርጦ፣ ለመሸጋገሪያ ያህል በመቀመጫ በኩል የሚገባ የኦፒየም መድኃኒት ያገኛል። ወዲያው ሆዱ ይከዳዋል። በአንድ የውርርድ ቤት ጓሮ ወዳለ የከረፋ መጸዳጃ ይሮጣል፤ መድኃኒቱም አብሮ ይወርዳል። ያን ጊዜ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ይሰድዳል። እዚህ ላይ የተኙትን የቤቴን ሰዎች እስክቀሰቅስ ድረስ ሣቅሁ። ጥቂት ገጾች እንደ ዘለቅሁ ደግሞ ከሱሰኞቹ የአንዲቱ ሕፃን አልጋዋ ላይ ሞታ ትገኛለች። እናቲቱ ትጮኻለች፤ ሬንተን የሚያደርገው ቢጠፋው ሄሮይኑን ማፍላት ይጀምራል። እናቲቱም ድርሻዋን ትለምናለች። እርሱ ይሰጣታል፤ ግን ከራሱ በኋላ።

ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለም? የኔም ጥርስ ገና አልተከደነም ነበር።

ደራሲው ይህን ከየት አመጣው ለሚል፣ ታሪኩ በልብ ወለዱ ዘመን ከከተማይቱ ሐኪሞች ዘንድ ተመዝግቧል። ሊዝ በመርከብ ሥራ የኖረች ሰፈር ናት፤ ሄንሪ ሮብ የተባለው የመርከብ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ተዘጋ። ሥራ በጠፋበት በዚያው ዘመን ርካሽ ሄሮይን ወደ ከተማይቱ ጎረፈ። ፖሊስም መርፌ ይዞ የተገኘውን ያሳድድ፣ ስሪንጅ የሚሸጡትንም ይጫን ጀመር። በዚህ ዘዴ ሱሱ አልጠፋም፤ የጠፋው ንጹሑ መርፌ ነው። አንዲቱን ስሪንጅ ብዙዎች እየተቀባበሉ ይወጉባት ነበርና፣ ቫይረሱ ማንም ሳያየው በመካከላቸው ተዛመተ። ዌልሽ ባደገበት በሚውርሃውስ ሰፈር ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሮይ ሮበርትሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው 164 የሄሮይን ተጠቃሚዎች 51 በመቶ የሚሆኑት በቫይረሱ መያዛቸውን አሳየ። እምብዛም በማትርቀው በግላስጎው ቁጥሩ እጅግ ያነሰ ነበር። በኤዲንብራ ያገለገለ መርፌ በንጹሕ መለወጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. ነው፤ ለብዙዎች የዘገየ ነበር።

ይህን ካወቅሁ ወዲያ መጽሐፉን ዳግመኛ ሳነብ፣ ቀልዱ ሁሉ የሚሣቀው መርፌው ተራውን እስኪያደርስ መሆኑ ታየኝ። ቶሚ የተባለው ጤነኛ ወጣት ፍቅረኛው በተለየችው ጊዜ አንዲት ጊዜ ልሞክር ይላል፤ ከዚያ በኋላ የምናገኘው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ደራሲው አይሰብክም፤ አያለቅስምም። ይህ አንዳንዱን አንባቢ እንደሚያስቆጣ ዐውቃለሁ፤ እኔንም በመጀመሪያው ሌሊት አስቆጥቶኝ ነበር።

ዳኒ ቦይል እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በሠራው ፊልም ሬንተን መጸዳጃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሰምጥና በጠራ ውኃ ውስጥ ይዋኛል። ያማረ ምስል ነው፤ እኔ ግን የመጽሐፉን የቆሸሸ ክንድ እመርጣለሁ።

ርእሱ ባቡር ጣቢያ ቆሞ የሚያልፉትን ሞተሮች ቁጥር መመዝገብ የሚባለውን የጊዜ ማሳለፊያ ይጠቅሳል። ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ሬንተንና ጠበኛው ቤግቢ በፈራረሰው የሊዝ ማዕከላዊ ጣቢያ ቆመው ሳለ አንድ ሰካራም ሽማግሌ ይቀርባቸዋል። መንገደኛ የጫነ ባቡር እዚያ መግባት ካቆመ እ.ኤ.አ. ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሽማግሌው ግን ባቡር ትቈጥራላችሁን? ብሎ በቀልድ ይጠይቃቸዋል። ቤግቢ ዝም ይላል። ሬንተን ጥቂት ቆይቶ ሰካራሙ የቤግቢ አባት መሆኑን ይረዳል፤ ቤግቢም ከጣቢያው ወጥቶ በመንገዱ ያገኘውን የማያውቀውን ሰው ይደበድባል። ይህን ትዕይንት ለመድረክ የምጽፈው እኔ ብሆን፣ ለሽማግሌው ከዚያች ጥያቄ በቀር ሌላ ቃል አልሰጠውም።