ጉርሻ አስቀድሞ ሲሰጥ ስሙ ማን ነው?

ቦሩ ሜዳ ሲባል የታሪክ አንባቢ የሚያስታውሰው፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባዔ የጠሩበትን ሜዳ ነው። የወሎ ገበሬ ደግሞ ቀድሞ ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። ሰሞኑን እዚያው ሰፈር ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ የተነሣው ክርክር ግን ከጉባዔውም ከሆስፒታሉም የሚገናኝ አልነበረም። ከአሜሪካ የመጣ አንድ ዘመዳችን ከልጆቹ ጋር በመዝናኛ መርከብ ሊሳፈር ቲኬት ቆርጧል። ኩባንያው ታዲያ ክፍሉን ለሚያጸዱለት ሠራተኞች የሚሆነውን ጉርሻ ገና ሳይሳፈር መክፈል ይችላል ብሎ ጠይቆታል። “ገና አልጋዬን ሳያነጥፉልኝ?” አለ ዘመዳችን። አንድ ሽማግሌ “ይኼማ ጉቦ ነው” ሲሉ፣ አጠገባቸው የነበረው ጎልማሳ “የለም አባባ፣ ቀብድ ነው” አላቸው። ከዚያ ሁሉም ሕግ ተምሯል ወደሚባለው ሰው ዞሩ።

የመርከቡን ነገር ቶሎ እንጨርሰው፤ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። በአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ጉርሻውን ለእንግዳው ፈቃድ ብቻ አይተዉትም። በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ በሂሳቡ ላይ ራሳቸው ይደምራሉ፤ ልጆችም ይቆጠራሉ። በቀን 18 ዶላር ቢሆን አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ለሰባት ቀን ጉዞ 504 ዶላር ይወጣዋል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከጉዞው በፊት ከቲኬቱ ጋር ሊከፈል ይችላል፤ ካልተከፈለ በመርከቡ ሂሳብ ላይ በየቀኑ ይመዘገባል። ቀድሞ ልማዱ ሌላ ነበር፤ በመጨረሻው ሌሊት ለአልጋ አንጣፊው አንድ ፖስታ፣ ለአስተናጋጁ አንድ ፖስታ ይሰጥ ነበር። አሁን የሚሰበሰበው ገንዘብ ክፍል ለሚያጸዱት፣ ምግብ ለሚያቀርቡትና እንግዳው ዓይናቸውን አይቶ ለማያውቃቸው ሠራተኞች ጭምር ይከፋፈላል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ክፍያ ቀድሞ ቢከፈል ኋላ ቢከፈል አገልግሎቱን አይለውጠውም። አልጋ የሚያነጥፈው ሰው ማን አስቀድሞ እንደከፈለ ላያውቅ ይችላል፤ ቢያውቅም ድርሻው ያው ነው። ስሙ ጉርሻ ይባል እንጂ ግብሩ ዋጋ ነው። ይህን የተረዳው የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ እ.ኤ.አ. በ2019 ዕለታዊውን የጉርሻ ጭማሪ አስቀርቶ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ አካቶታል። ለዘመዳችን የሰጠሁት ምክርም አጭር ነበር። በጀትህን አስቀድመህ ለማወቅ ከፈለግህ አሁን ክፈል፤ በመካከሉ ተመኑ ቢጨምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የከፈለውን አይነካውም። መርከቡ ላይ ግን ድጋሚ እንዳይቆረጥብህ ሂሳብህን ተመልከት። በተለየ ያገለገለህን ሰው ማመስገን ከፈለግህ ደግሞ ያን በመጨረሻ በእጁ ስጠው።

ነገሩ የሚከብደው ከመርከቡ ወርደን ወደ እኛው አገር ስንመለስ ነው።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ሀብታም ነው። ጉርሻ አለ፣ የሻይ አለ፣ እጅ መንሻ አለ፣ መማለጃ አለ፣ ጉቦ አለ። እነዚህን ቃላት የሚለያቸው የገንዘቡ መጠን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚለያቸው ሰዓቱ ነው። ጉርሻ ከማዕድ የመጣ ቃል ነው፤ እንጀራው ሳይቀርብ የሚያጎርስ ሰው የለም። እጅ መንሻ ደግሞ ወደ ሹም ቤት ሲገባ የሚያዝ ነው፤ ጉዳዩ ገና ሳይነገር ይቀድማል። ስለዚህ ሽማግሌው ገንዘቡ ከሥራው በፊት መምጣቱን ሰምተው “ጉቦ ነው” ማለታቸው ከቃሉ ጠባይ የመነጨ ነው እንጂ አለማወቅ አይደለም። ፈረንጆቹም ይህ ጥርጣሬ አላቸው። በእንግሊዝኛ ቲፕ የሚለው ቃል “ለቅልጥፍና ዋስትና” የሚል ትርጉም ካላቸው ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተገኘ ነው፤ በድሮዎቹ የለንደን ቡና ቤቶችም ይህ የተጻፈበት የገንዘብ ሣጥን ነበረ እየተባለ ይወራል። የቃላት አመጣጥ አጥኚዎች ወሬውን አይቀበሉትም። ተረት ይሁን እንጂ ሰዎች ስለ ጉርሻ የሚያስቡትን ይናገራል፤ ገንዘቡ ቀድሞ ሲሰጥ የሚገዛው ምስጋናን ሳይሆን ፍጥነትን ነው ብለው ያምናሉ።

ለዚህ ጥርጣሬ መልስ የሚሆነው የጃፓን ልማድ ነው። ጃፓን ውስጥ በሆቴልም በምግብ ቤትም ጉርሻ መስጠት የተለመደ አይደለም፤ እንዲያውም የተረሳ ገንዘብ መስሏቸው ተከትለው ሊመልሱ ይችላሉ። ባህላዊ በሆኑት የእንግዳ ማረፊያዎቻቸው ግን ኮኮሮዙኬ የሚሉት ነገር አለ። እንግዳው እንደ ደረሰ ለክፍሉ አስተናጋጅ ንጹሕ ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ይሰጣል። ግዴታ አይደለም፤ ባይሰጥም የሚጎድልበት የለም። አስቀድሞ መስጠት በራሱ ጉቦ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

“ቀብድ ነው” ወዳለው ጎልማሳ እንምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። ቀብድ ውል መደረጉን ያስረዳል፤ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ለክፍል ጽዳት ሠራተኛዋ በመጀመሪያው ቀን የሰጠኋት 100 ብር ግን ከዚህ አንዱንም አያስከትልም። በማግሥቱ አንሶላው ባይቀየር እጥፉን መልሺ ብዬ ልከሳት አልችልም። ሕጉ ከሁሉ የሚቀርብ ስም የሚሰጠው ስጦታ ብሎ ነው፤ ስጦታም ተቀባዩን ለማስደሰት የሚደረግ ነው እንጂ በምላሹ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ንጹሕ አንሶላ የማግኘት መብቴ የሚመነጨው ከሆቴሉ ባለቤት ጋር ካለኝ ውል ነው። ስለዚህ አንሶላ ሳይቀየር ሲቀር አቤቱታው ለባለቤቱ ይቀርባል፤ “ጉርሻ ሰጥቼሽ አልነበረም ወይ?” ብሎ ልጅቷ ላይ መጮህ በሕግም በሥነ ምግባርም መሠረት የለውም። እንዲህ የሚጮሁ ሰዎች ግን በየሆቴሉ አሉ፤ አስቀድሞ መስጠት አንዱ ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ሰጪውን አለቃ ያደርገዋል።

በደሴና በኮምቦልቻ ማደሪያው ሁለት ዓይነት ነው። ደረጃ ያለው ሆቴል ሲሆን ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። 1,000 ብር የተባለ ክፍል 1,265 ብር ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ 100 ብሩ ከመርከቡ ጉርሻ ጋር ወንድማማች ነው፤ እንግዳው ፈለገም አልፈለገም ተከፍሏል። ፔንሲዮን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይጨምርም፤ እዚያ የምታጸዳው ሴት ከደመወዟ ሌላ የምታገኘው እንግዳው ከኪሱ የሚያወጣውን ብቻ ነው።

ደመወዟስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ራሱ አልወሰነም፤ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ በጥናት ላይ ተመሥርቶ እንዲያየው ነው የተወው። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 53 ደመወዝ የማይባሉትን ክፍያዎች ሲዘረዝር ከደንበኞች የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ይጠቅሳል። ይህች አንዲት መስመር ለብዙ የሆቴል ሠራተኛ የኑሮ ጉዳይ ናት። ሠራተኛዋ በወር ከደመወዟ የሚበልጥ የአገልግሎት ክፍያ ብትካፈል እንኳ፣ የትርፍ ሰዓትም ሆነ የሥራ ስንብት ክፍያ ሲሰላላት በትንሿ ደመወዝ ነው። ጉርሻውም እንደዚያው። አሠሪው “እዚህ ቤት ጉርሻ ጥሩ ነው” እያለ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ይቀጥራል፤ እንግዳው ሲጠፋ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባበት በ2014 ዓ.ም. አይተነዋል። በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ አይሻልም። ጉርሻ የሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው እንዲከፍለው የፌዴራሉ ሕግ የሚያስገድደው ትንሹ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ቀሪው እስከ መደበኛው ወለል በጉርሻ ይሞላል ተብሎ ይታሰባል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ግል ማደሪያ ነው። አስቀድሞ መስጠት መልኩን የሚቀይረው ተቀባዩ አልጋ የሚያነጥፍ ሳይሆን አልጋ የሚመድብ ሲሆን ነው።

ከተንታ ወይም ከደላንታ ሕመምተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ አስቡ። ከተማውን አያውቀውም። ወረፋው ረጅም ነው። ከደጅ ያገኘው ሰው ሁሉ “ትንሽ ነገር አስቀድመህ ካልሰጠህ አታልፍም” ይለዋል። ይህን ስል በየትኛውም ሆስፒታል ሠራተኛ ላይ አልመሰክርም፤ የምናገረው አስታማሚው ይዞት ስለሚመጣው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ በፍርሃቱም ምክንያት ማንም ሳይጠይቀው 200 ብር አጣጥፎ ለዘበኛው ወይም ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ይዘረጋል። በልቡ ጉርሻ ነው። በሕጉ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ሊሠራው ለሚገባ ሥራ ጥቅም መቀበል ወንጀል ነው፤ ሰጪውም ተጠያቂ ነው። ቀድሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ የነበሩት የሙስና ድንጋጌዎች በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ሥር ተጠቃልለዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህን ነው፤ ሠራተኛው ሥራውን በአግባቡ ከጨረሰ በኋላ ስለ ሠራው ሥራ ጥቅም መቀበሉም አላግባብ ጥቅም ማግኘት ተብሎ ያስጠይቃል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት “አስቀድሜ ልስጥ ወይስ በኋላ?” የሚለው ጥያቄ የለም። መልሱ በሁለቱም ሰዓት አትስጥ ነው።

የሕጉ ምክንያት ደረቅ አይደለም። በፔንሲዮኑ አስቀድሜ 100 ብር ብሰጥ በሚቀጥለው ክፍል ያለው እንግዳ አንሶላው አይቀርበትም። በወረፋው ላይ የሰጠሁት ግን እኔን አንድ እርምጃ ካስቀደመኝ ሌላውን አንድ እርምጃ አስቀርቶታል፤ እርሱም ከእኔ የበለጠ የታመመ ሊሆን ይችላል። እኔ ጉርሻንና ጉቦን የምለየው በዚህ ነው፤ ገንዘቤ ከኋላዬ ያለውን ሰው ገፍቶታል ወይ? በዓል ሲቃረብ በመናኸሪያ “ቀደም አርገህ ስጠኝና ወንበር ልያዝልህ” የሚለው ሰውም በዚሁ ሚዛን ይለካል። የጠየቀው ስለ ድካሙ አይደለም፤ የሌላ ተሳፋሪ ወንበር እየሸጠልህ ነው። ሻንጣህን ጣሪያ ላይ ለጫነው ግን ስለ ጉልበቱ ትከፍለዋለህ፤ ዋጋውን ከመሸከሙ በፊት መነጋገር ነው እንጂ ከወረደ በኋላ መጨቃጨቅ ለሁለታችሁም አይበጅም።

በግል ማደሪያ አስቀድሞ መስጠት የሚገባበት ጊዜ አለ። ለሁለት ሳምንት ሕክምና የሚመላለስ ሕመምተኛ ይዘው ፔንሲዮን የገቡ እንደሆነ፣ በየቀኑ ሙቅ ውኃ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ የሚታጠብ ልብስ ሊኖር ነው። ይህን ሸክም ለምትቀበለው ሴት በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ነገር መስጠት “እንደማስቸግርሽ አውቄአለሁ” ማለት ነው። ቀሪው ሲወጡ ይሰጣል። ለአንድ ሌሊት አዳሪ ግን አስቀድሞ መስጠት ትርጉሙ አይታየኝም፤ ጠዋት ሲወጣ ይበቃዋል።

ለማን እንደሚሰጥም ማየት ያስፈልጋል። ቁልፍ የሚሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉን የሚያጸዳው አይደለም። “አደርስላታለሁ” ካለ ምናልባት ያደርሳል፤ እኔ ግን ስሟን ጠይቄ ራሴ ብሰጣት እመርጣለሁ። ተረኞች ስለሚለዋወጡ ብዙ ቀን የሚቆይ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ለአንዷ ከሚሰጥ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቢያካፍለው ይሻላል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩን አቅልሎታል፤ ዝርዝር ብር የለኝም የሚለውም ሰበብ ቀርቷል። ገንዘቡን ትራስ ሥር ትቶ መሄድ ግን አይመከርም። ሠራተኛዋ እንግዳው የረሳው ይሁን ለእርሷ የተወው የምታውቅበት መንገድ የላትም። ብታነሣው ሌባ ልትባል ትችላለች፤ ለባለቤቱ ብታስረክብ ደግሞ እዚያው ሊቀር ይችላል። በእጇ መስጠት ካልተቻለ “ለጽዳት ሠራተኛዋ” ተብሎ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አብሮ ይቀመጥ፤ ሲወጡም ለእንግዳ መቀበያው አንድ ቃል ይነገር።